ስልኩ «አረንጓዴ» ያለ ዕለት

ማርች 9፣ ከደሴቱ ክሊኒክ

ቺዙሩዬ፣

ሰላምታውን አስረዝሜ ብጽፍልሽ ደስ ባለኝ፤ ግን ጉልበቱ የለኝም። አለሁ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ያቃስታል፣ ያው እንደምታውቂው። ባለፈው ሰኞ በስልክ የጮህኩብሽን የባሕር ንፋስ ነው በይና እለፊው። ገና ትምህርትሽን ጨርሰሽ እዚህ ደሴት የተመደብሽ ጊዜ ደም ሥር ፍለጋ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ፤ በሃያ ዓመት አንዴ ብጮህብሽ አይበዛብሽም።

«ቤቱ ሲገቡ ያዩትን ብቻ ይጻፉልኝ፤ ያሰቡትን ይተዉት» ብለሽኛል። እሺ፤ ያየሁትን።

ሰኞ ጠዋት ሃማቤ ጉንጂ ቤት ገባሁ። ጫማ ማውለቂያው ላይ ቦቲው በሥርዓት ቆሟል። እሱ ከሥሩ ማሞቂያ ካለው ጠረጴዛ አጠገብ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ስቦ ተኝቷል። ሰባ አራት ዓመቱ ነው፤ አርባ ስምንቱን ባሕር ላይ ዓሣ ሲያጠምድ የኖረ ሰው፣ የዚያን ዕለት አንድ ብርድ ልብስ ውስጥ ጠፍቶ አገኘሁት። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። የልብ ምቱ መቶ ሃያ ስምንት። ትኩሳቱ ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ አንድ። ሆዱን ስነካው ሳንቃ ነው። ቁስሉ ግን፣ ካንሰሩን ስታወጪለት የሰፋሽው ቁስል፣ ጥልፍ ይመስላል። አልቀላ፣ አላበጠ፣ መግል የለው።

«ጋሽ ጉንጂ፣ ምነው ሳታስጠራኝ?» አልኩት።

«ለምን ላስጠራሽ? አረንጓዴ ነኝ እኮ» አለኝ።

ሚስቱ ሳኤ ስልኳን አምጥታ አሳየችኝ። ሆስፒታላችሁ ሲያስወጣው የጫነላት ያ «ደህና አደሩ?» የሚባለው አፕ ነው። በየጠዋቱ ይጠይቃል፤ የቁስሉን ፎቶ ያነሣሉ፣ ትኩሳቱን ይጽፋሉ፣ ሕመሙን ከዜሮ እስከ አሥር ቁጥር ይሰጡታል። ከዚያ ቀለም ያወጣል። ቀይ ከሆነ ከሆስፒታል ይደወላል። ስድስት ጠዋት፣ ስድስት አረንጓዴ ቅጠል። የዚያን ዕለትም እንዲህ ብሎታል፦ «በደንብ እያገገሙ ነው። መልካም ቀን ይሁንልዎ።»

ጭጋግ ስለነበር ሄሊኮፕተሩ አልመጣም። በዓሣ አጥማጆች ማኅበር ጀልባ ሁለት ሰዓት ተኩል ተጓዝን፤ ራሱን እግሬ ላይ አድርጌ። የቀረውን፣ ሆዱን የከፈትሽው አንቺ ታውቂዋለሽ።

ያየሁት ይኼ ነው። ያሰብኩትን ተዪው ስላልሽኝ ትቼዋለሁ፤ እሱ ግን እኔን አልተወኝም።

ቶኪኮ


ማርች 15፣ ናጋሳኪ

እትዬ ቶኪኮ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ስልኩን የዘጋሁት እንዴት ሰነበቱ እንኳ ሳልል ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።

በወረቀት የምጽፍልዎ ወግ አምሮኝ አይደለም። የሆስፒታሉ የሕግ ክፍል ሰብስቦን፣ ስለዚህ ጉዳይ በስልክም በኢሜይልም አንዲት ቃል እንዳትወጣ ብሎናል። ደብዳቤ የሚባል ነገር መኖሩን ረስተውት መሰለኝ፣ አልጠቀሱትም።

በስልኩ፣ ጋሽ ጉንጂ ይተርፋሉ ወይ ላሉኝ፦ እንጃ። ካንሰሩን ሳወጣ አንጀታቸውን ቆርጬ የገጠምኩበት ስፌት ለቋል። ከሃያ ሰው አንዱን የሚያጋጥም ነገር ነው፤ እጅ በቀናበት ቀንም ያጋጥማል። ያንን አፑ አላመጣውም። አፑ ያመጣው መዘግየቱን ነው። አርብ ዕለት ደርሰውልኝ ቢሆን አንድ ቱቦ አስገብቼ በመድኃኒት እመልሳቸው ይሆናል። ሰኞ ግን ሆዳቸው በሙሉ ተመርዞ ነበር። አንጀታቸውን በጎን አውጥቼ ከረጢት አድርጌላቸዋለሁ። አሁን የሚተነፍሱት በመሣሪያ ነው። ኩላሊታቸው መሥራት ሰልችቶታል።

«አፑ ትኩሳቱን እንዴት አላየም?» ብለውኝም ነበር። ስልኩን ከፍተን አየነው። ስድስቱንም ጠዋት ከሠላሳ ሰባት ተኩል አልዘለለም። ለሕመሙ ያዘዝኩላቸው ክኒን ትኩሳትም ያበርዳል፤ እሱን ውጠው ነው የሚለኩት። አፑ «ክኒን ውጠዋል?» ብሎ አይጠይቅም። እንዲጠይቅ ማንም አላሰበም። ማንም ስል እኔንም ጨምሬ ነው።

እትዬ ሳኤ ኮሪደሩ ላይ ናቸው። በየቀኑ የሩዝ ገንፎ በፔርሙዝ ያመጣሉ፤ የሚበላ ሰው የለም፤ መልሰው ይወስዱታል። በአጠገባቸው ባለፍኩ ቁጥር ብድግ ብለው እጅ ይነሡኛል። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሌላም ልነግርዎ የሚገባ ነገር ነበረኝ። ዛሬ እጄ እምቢ አለኝ።

ቺዙሩ


ማርች 23፣ ከደሴቱ ክሊኒክ

ቺዙሩዬ፣

ጉንጂ ከሆስፒታል ሲወጣ የሕክምና ወረቀቱ ደርሶኝ እንደሆነ በኋላ በላክሽው ቁራጭ ወረቀት ጠይቀሽኛል። አልደረሰኝም። ድሮ የዚህ ደሴት ሰው ከእናንተ ዘንድ ሲወጣ ሁለት ገጽ ፋክስ ይመጣልኝ ነበር፤ የክፍላችሁ ነርስም በሦስተኛውና በሰባተኛው ቀን እቤቱ ትደውል ነበር። ካለፈው በጋ ወዲህ ሁለቱም ቀረ። «ከእንግዲህ አፑ ይከታተላል፤ የእርስዎም ሥራ ይቀልልዎታል» የሚል ማስታወቂያ ነው የደረሰኝ። እኔም፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። አራት መቶ ሰው፣ አንዲት ነርስ። ሐኪሙ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፣ እሱም ባሕሩ ከፈቀደለት።

የሳኤን ቤት እያየሁላት ነው። ነጭ ሽንኩርቷን አረምኩ። ድመቷ እኔን አልቀበል ብላ ጣሪያ ላይ ሆና ትገላምጠኛለች። ሰዉ በየመንገዱ «ጉንጂስ?» ይለኛል፤ «እየታገለ ነው» እላለሁ። እዚህ ይህ ቃል ሞት አፋፍ ላይ ስላለ ሰው እንደሚነገር ሁሉም ስለሚያውቅ ሁለተኛ አይጠይቁኝም።

ያቺን እጅሽ እምቢ ያለችውን ነገር አልጎተጉትሽም። ብቻ እህል ብዪ። ሲደክምሽ መብላት እንደምትተዪ አውቃለሁ።

ቶኪኮ


ኤፕሪል 3፣ ናጋሳኪ

እትዬ ቶኪኮ፣

ጋሽ ጉንጂ ነቅተዋል። መተንፈሻው ማክሰኞ ወጣላቸው። «ሲነቃ የሚልሽን አንዲት ቃል ሳታስቀሪ ጻፊ» ብለውኝ ነበርና ይኸው።

ከአልጋቸው ግርጌ ቆሜ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ቀደሙኝ።

«ዶክተር፣ ቀና በይ እንጂ። አናትሽን ለማየት ነው እንዴ የነቃሁት?»

«አፑን እዚህ ሆስፒታል ያስገባሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«ስልኩ ምን አጠፋ? የዋሸሁት እኔ። ስምንት ሲያመኝ ሁለት ነው ያልኩት።»

«ለምን?»

«ይህን ሁሉ ዘመን ማዕበል ላይ ኖሬ ለስልክ አመመኝ ልበል?»

እትዬ ሳኤ ከጎን ሆነው «እኔማ ስድስት ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ጣቴን ያዘኝ» አሉ።

«አንቺ ሴትዮ ዝም በይ። ስድስት ካልን ቀይ ይሆናል፤ ቀይ ከሆነ መልሰው ያስተኙኛል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ድምፃቸው እየሻከረ «ሰው መጥቶ ቢጠይቀኝም ሁለት ነው የምለው። ሰው ግን ፊቴን ያያል» አሉኝ።

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። የሕግ ክፍላችንም የአፑ ኩባንያም ቢሰሙት ደስታውን አይችሉትም፤ «ሕመምተኛው ራሱ ሐሰት ሞልቷል» ብለው በማግስቱ መዝገቡን ይዘጋሉ። እርስዎ ጋ ይቀመጥልኝ።

ተሽሏቸዋል ብዬ አልጽፍም። ነቅተዋል ብቻ ነው ያልኩት።

ቺዙሩ


ኤፕሪል 14፣ ከደሴቱ ክሊኒክ

ለተከበሩ ዶክተር ሰጋዋ ቺዙሩ፣

ትናንት አንዲት ነፍሰ ጡር ልሸኝ መርከብ ጣቢያ ወርጄ ነበር። መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ፣ ከመነሻ ሰዓት ሰሌዳው ሥር፣ የአፑ ማስታወቂያ ተደርድሯል። ሽፋኑ ላይ ያሉት እርስዎ ነዎት። ነጭ ጋዋን ለብሰው ፈገግ ብለዋል። ከሥሩ «ከመቶ ዘጠና ስድስት ትክክል! በሐኪሞች ተፈትኖ የተረጋገጠ» ይላል። ስምዎ በትልቁ ተጽፏል።

አፑን እንዳስገቡት ነግረውኛል። እንደመሰከሩለት ግን አልነገሩኝም።

የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። አራቱ እነማን ናቸው?

ይህን የጻፍኩት እንደ ነርስ ነው፤ ስለዚህ «አንቺ» ማለት አልሆነልኝም።

ኡራቤ ቶኪኮ፣ ነርስ


ሜይ 6፣ ናጋሳኪ

እትዬ ቶኪኮ፣

ሦስት ሳምንት መልስ ሳልሰጥዎ ቀረሁ። በመካከሉ ጋሽ ጉንጂ ሞቱ። አስከሬናቸው እዚህ ተቃጥሎ አመዱ በመርከብ ሲመጣ፣ ወደቡ ላይ ቆመው የተቀበሉት እርስዎ እንደሆኑ እትዬ ሳኤ ነግረውኛል። እኔም ልመጣ ተነሥቼ ነበር፤ የሕግ ክፍሉ «ቀብር መሄድ ጥፋትን ማመን ነው» አለኝ፤ ቀረሁ። እነሱ ሰበብ ሆኑልኝ እንጂ የቀረሁትስ ፈርቼ ነው።

አራቱ እነማን ናቸው ላሉኝ።

አፑን የሞከርነው በሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሕመምተኞች ላይ ነው። አብዛኞቹ ምንም ሳይሆኑ ዳኑ፤ አፑም በየቀኑ አረንጓዴ አላቸው፤ ልክ ነበር። ጤነኛን ጤነኛ ለማለት ምን ይቸግራል? ዘጠኙ ግን እንደ ጋሽ ጉንጂ ውስጥ ውስጡን ስፌታቸው ለቀቀ። ከዘጠኙ አምስቱን ያዛቸው። አራቱን ግን እስከ መጨረሻዋ ቀን አረንጓዴ ሲላቸው ቆየ። ዘጠና ስድስት የሚባለው ቁጥር የተገኘው ጤነኛውም በሽተኛውም፣ ክፉውም ደጉም ቀን አንድ ላይ ተደምሮ ነው። እትዬ፣ ምንም ሳያይ ለሁሉም «ደህና ነዎት» እያለ የሚውል መሣሪያ ቢሆን እንኳ ከዚያ ብዙም አይወርድም ነበር።

አራቱ አልሞቱም። በሙከራው ጊዜ ነርሶቻችን ገና ይደውሉ ነበር፤ አራቱም በስልክ ድምፃቸው ተያዙ። እኛ ደግሞ አፑ በቂ ነው አልንና መደወሉን አስቀረን።

«ከዘጠኝ አራቱን ስቷል» የሚል አንድ መስመር ሪፖርቱ ውስጥ ይግባ ብዬ ነበር። የኩባንያው ሰው፣ አቶ ኩጂ፣ በጣም ጨዋ ሰው ናቸው፤ «ዶክተር፣ ዘጠኝ ሰው እኮ ትንሽ ቁጥር ነው፤ በሽተኛ ማስፈራት ይሆናል። በሚቀጥለው እናስገባዋለን» አሉኝ። እሺ ብዬ ፈረምኩ።

የገዛኝ የለም። ደክሞኝ ነበር። ሦስት ነርሶች ለቀውብን፣ ጠዋት ገብቼ ስንት ሆድ ከፍቼ እንደወጣሁ የማላውቅበት ዓመት ነበር። ማንም ሳይደውል የሚጠብቅልን ነገር ተገኘ ሲሉኝ ልክ እንዲሆን ተመኘሁ፤ የተመኘሁትንም አየሁ። በማርች እጄ እምቢ ያለኝ ይህን ነበር።

«እርስዎ» ማለትዎ ይገባኛል። አልቀየምም።

ቺዙሩ


ሜይ 18፣ ከደሴቱ ክሊኒክ

ቺዙሩ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልጮህብሽ ወረቀት አውጥቼ ነበር። ግን የሚያስጮህ ንጽሕና የለኝም።

በመጀመሪያው ደብዳቤ የጠየቅሽኝ ያየሁትን ብቻ ስለነበር የሰማሁትን አልጻፍኩልሽም። አሁን ልጻፈው።

ከዚያ ሰኞ በፊት ባለው አርብ ሳኤ ደውላልኝ ነበር። ክሊኒኩ ሽማግሌዎች ሞልተውበት የደም ግፊት ስለካ ነው።

«ቶኪኮ፣ ጉንጂ ምግብ እምቢ አለኝ። ፊቱም አላማረኝም፤ እባክሽ ብቅ በይልኝ» አለችኝ።

«ስልኩ ምን ይላል?» አልኳት።

«ስልኩማ አረንጓዴ ይላል።»

«እንግዲያው አትጨነቂ፤ ሰኞ እመጣለሁ።»

ከዚህ እነሱ ቤት በእግር አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። «ሚስት ፊቱ አላማረኝም ካለችሽ የያዝሽውን ጥለሽ ሩጪ» ብዬ ያስተማርኩሽ እኔው ነኝ፤ ታስታውሺ ይሆናል። አርባ ዓመት የሰው ፊት ሳይ ኖሬ፣ ያን ቀን የጠየቅሁት የስልክ ቀለም ነው። አንቺ «አርብ ዕለት ደርሰውልኝ ቢሆን» ብለሽ ስትጽፊ ወረቀቱን አጥፌ መሳቢያ ከተትኩት፤ ለቀናት አልከፈትኩትም። ከዚያ ስለ ፎቶሽ ያን ሁሉ ቁጣ ጻፍኩልሽ። በአንቺ መቆጣት ይቀል ነበር።

ሳኤ ይህን ለማንም አልተናገረችም። ትናንት ቤቷ ሄጄ፣ በጉንጂ ፎቶ ፊት ዕጣን ለኩሼ፣ ራሴ ነገርኳት። ሻይ እየቀዳችልኝ ነበር፤ ማንቆርቆሪያውን እንኳ አላስቀመጠችም።

«አውቃለሁ። እኔም ስልኩን ስዘጋ ቀሎኝ ነበር» አለችኝ። «ለሰኞ ካለችማ ከባድ አይደለም ብዬ። ቶኪኮ፣ እሱም አንቺም እኔም፣ ሦስታችንም ደስ ብሎን ነው ነገሩን ያሳለፍነው።»

ከዚያ ሻዩን ጠጣን። ሌላ ምን ይደረጋል።

«አንቺ» ብዬሻለሁ፤ ልብ በይ።

ቶኪኮ


ጁን 15፣ ከደሴቱ ክሊኒክ

ቺዙሩዬ፣

«የሞተ ሰው ስም እንዴት ክፍላችን ሰሌዳ ላይ ቀይ ሆኖ ይወጣል?» ብለሽ ለጻፍሽልኝ፣ መልሱን ከሳኤ አፍ ሰምቻለሁ። አትቆጪ፤ ያቺን የደወለችውን ነርስም አትቆጪያት።

አፑን ከሳኤ ስልክ ላይ ያነሣው ሰው የለም። ጉንጂ ከሞተም በኋላ በየጠዋቱ «ሃማቤ ጉንጂ፣ ደህና አደሩ?» ይላታል። መጀመሪያ ስልኩን ትገለብጠው ነበር። ባለፈው ሳምንት የአርባ ዘጠነኛው ቀን የሙት ጸሎት ተደርጎ፣ እንግዳው በመርከብ ተሸኝቶ፣ በማግስቱ ጠዋት ብቻዋን ስትቀመጥ እንደገና ጠየቃት። መለሰችለት። ትኩሳት ሲላት የራሷን ለክታ ጻፈች። የቁስል ፎቶ ሲላት የተጠቀለለውን የጉንጂን ፍራሽ ፎቶ አነሣች። ሕመም ሲላት አሥር አለችው።

ቀይ ሆነ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተደወለ።

«አቶ ሃማቤ፣ የት ጋ ነው የሚያምዎት?» ትላለች ልጅቷ፤ ምንም አታውቅም፣ አዲስ ናት መሰለኝ።

«ልጄ፣ እሱስ አርፏል። የሚያመው እኔን ነው» አለቻት ሳኤ።

ያቺ ልጅ አልዘጋችባትም። ግማሽ ሰዓት ያህል አወሩ፤ ስለ ጉንጂ፣ ስለ ዓሣው፣ ስለ ድመቷ። ሳኤ ስትነግረኝ «ቀይ ካልሽ ለካ ሰው አለ» አለችኝ፤ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ተበላሸባት።

ለአንቺም መልእክት ልካለች፤ እንዳለችው ነው የምጽፈው። «ዶክተሯ ቁጥሩን በአደባባይ ትናገር። ጉንጂ የዋሸውንም ትናገር፤ አትደብቅለት። አንቺ አርብ ያልሽኝንም ትናገር። ግማሹን የሚናገር ሰው ባይናገር ይሻላል።»

በእኔ በኩል ስሜን ጥሪ። ጡረታዬ ደርሷል፤ ባይደርስም ጥሪ።

ቶኪኮ


ጁላይ 10፣ ናጋሳኪ

እትዬ ቶኪኮ፣

የዝናቡ ወራት እዚህ ዘንድሮ አልወጣም ብሏል፤ ጫማ አይደርቅም። እርስዎ ጋስ?

ስለ አፑ ሆስፒታሉና ኩባንያው የጠሩት ስብሰባ ምን ሆነ ላሉኝ፦ አለቀ። ትልቅ ነገር አልነበረም። አሥራ አንድ ሰው፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ለብ ያለ የገብስ ሻይ። ሁሉንም አነበብኩ። ዘጠኙን፣ አራቱን፣ ክኒኗን፣ የጋሽ ጉንጂን ስምንትና ሁለት፣ የእርስዎን አርብ። ፊርማዬንም። ሳነብ የሌላ ሰው ደብዳቤ የማነብ ነበር የመሰለኝ።

አቶ ኩጂ እንደተለመደው በጨዋነት «እንግዲህ በሽተኛው ራሱ የተሳሳተ ቁጥር ከሞላ መሣሪያው ምን ያድርግ?» አሉ።

«ሁሉም በሽተኛ ይዋሻል፤ እኔም ቆስዬ ቢሆን እዋሻለሁ» አልኳቸው። «ቤቱ መሄድ የሚፈልግ ሰው እንደሚዋሽ ሳናውቅ ነው እንዴ የሠራነው?»

ወረቀታቸውን ሰበሰቡ። ክፉ ሰው አይደሉም። ሲወጡ ጃንጥላቸውን ረስተው ተመለሱና በሩ ላይ አቀበልኳቸው፤ ሁለታችንም እጅ ተነሣሣን።

አፑ አልተነሣም። ዘጠና ስድስት የሚለው ግን ከማስታወቂያው ወጥቶ «ከዘጠኝ አራቱን ስቷል» የሚለው ገብቷል፤ ፎቶዬም ወጥቷል። አሁን ስለ ክኒኑ ይጠይቃል። ፋክሱ ወደ እርስዎ ይመለሳል። የሦስተኛውና የሰባተኛው ቀን ስልክም ይመለሳል፤ ነርስ ስለሌለ ግን ሐኪሞቹ እንድንደውል ተወስኗል። ባልደረቦቼ ይህን ያመጣሁባቸው እኔ እንደሆንኩ ያውቃሉ፤ ሊፍት ውስጥ ስገባ ወሬ ይቆማል። ከምክትል ኃላፊነቴም ተነሥቻለሁ። ለሕግ ክፍሉ ሳይነግሩ በመናገር፣ ይላል ወረቀቱ።

ለእትዬ ሳኤ ይንገሩልኝ። በሳምንቱ መጨረሻ ራሴ እመጣለሁ፤ ማንንም አላስፈቅድም። እዚያ ስደርስ ምን እንደምል አላውቅም።

ቺዙሩ


ሴፕቴምበር 12፣ ናጋሳኪ

እትዬ ቶኪኮ፣

ከደሴቱ ከተመለስኩ ወዲህ ሳልጽፍልዎ መክረሜ ከስንፍና ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም። እትዬ ሳኤ የሰጡኝን የኮመጠጠ ፕለም ጨርሼዋለሁ።

«ያ መደወላችሁ ይጠቅማል ወይስ ለወጉ ነው?» ብለው ጠይቀውኛል። እኔም አላውቅም። ትናንት የሆነውን ልንገርዎና እርስዎ ይፍረዱ።

ምሳ ሰዓት ላይ ሰባተኛ ቀናቸው ለሆነ አንዲት ሴትዮ ደወልኩ። ኦሪቤ ፉሚ ይባላሉ፤ ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ድሮ የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ነበሩ፣ የሚኖሩትም ተራራው ላይ መኪና በማይገባበት ሰፈር ነው። አፑ ሰባቱንም ቀን አረንጓዴ ብሏቸዋል። እኔ በአንድ እጄ የሩዝ ድብልብል ይዣለሁ።

«ደህና ነኝ፣ ምንም አልል» አሉኝ። ግን «ደህና ነኝ» እና «ምንም አልል» መካከል ትንፋሽ ወሰዱ። በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል ሰው ትንፋሽ አይወስድም።

«እስቲ አንዴ ይሳሉ» አልኳቸው።

«ምን?»

«ይሳሉ፣ ኧህ ኧህ ይበሉ።»

ሳሉ። ከሳሉ በኋላ አንዲት ድምፅ አወጡ፤ ትንሽ ናት፣ ግን ሰማኋት።

«አሁኑኑ ይምጡ።»

«ስልኩ እኮ ደህና ነሽ ብሎኛል!»

«እኔ አላልኩም።»

ደረጃውን ሁሉ በአማቻቸው ጀርባ ላይ ሆነው ወረዱ። ደማቸውን መረመርን፣ ሆዳቸውን በራጅ አነሣን፣ እኔ ራሴ ዳበስኩ። የቀዶ ጥገና ክፍሉ እንዲዘጋጅ አስጠንቅቄ ነበር። ምንም አልነበረም። ሰገራ ደርቆባቸው ሦስት ቀን አልወጣላቸውም፤ ይኸው ነው።

ሴትዮዋ አልጋው ላይ ቁጭ ብለው አፈጠጡብኝ። «እኔ ፉሚ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ሰፈሩ ሁሉ በረንዳ ላይ ወጥቶ እያየኝ፣ በአማች ጀርባ ታዝዬ የወረድኩት ለአንዲት ፈስ ነው?»

«አዎ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው።

«ይቅርታ! ሐኪም ተብለሽ!»

አማቻቸው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ሳቁን መያዝ አቅቶት ነው። ወጣት ሐኪሞቹም እርስ በርስ ሲተያዩ አየሁ፤ ዛሬ ጠዋት ክፍሉ ውስጥ መሳቂያ ሆኛለሁ። ስልኩ ልክ ነበር፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ነገም እሳሳት ይሆናል፤ ከነገ ወዲያም። ሰውም እንደ ስልኩ ይስታል፣ እትዬ። ይህን ልክደው አልችልም።

ግን ከዚያ ወጥቼ የአደጋ ጊዜ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። የሩዝ ድብልብሌ ግማሹ ኪሴ ውስጥ ተጨፍልቆ ነበር፤ አውጥቼ በላሁት። ከማርች ወዲህ ጣዕሙን እያወቅሁ የበላሁት ምግብ እሱ ይመስለኛል። ምንም አልነበረም። ከፍቼ የማየው ሆድ የለም፤ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው የለም፤ አንዲት የተቆጣች ሴትዮ እየተራገመች በእግሯ ወደ ቤቷ ሄደች።

ዛሬ የምደውልላቸው አምስት ሰዎች አሉኝ። አንደኛው ሽማግሌ ጆሯቸው አይሰማም፤ ብዙ መጮህ ስለሚኖርብኝ ጉልበቴ ሳያልቅ ከእሳቸው ልጀምር።

ቺዙሩ